ሲሉን ሳህኑን ልታወርድ ስትል

የሲሉን አውራ ጣቶች ከሰውነቷ ሁሉ ቀድመው አርጅተዋል። ፊቷን ያየ ሰው ገና ጠንካራ ሴት ናት ይላል፤ ከጸጉሯም ቢሆን ጥቁሩ ከሽበቱ ይበልጣል። አውራ ጣቶቿ ግን በየማለዳው እንደ ደረቀ ዝንጅብል ተቆልምመው ነው የሚነቁት። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እንደ ሕፃን ታባብላቸዋለች። እስኪታዘዙላት ድረስ የፀጉር ማስያዣዋን እንኳ መጨበጥ አትችልም።

ያን ዓመት ጢሱ ከወትሮው ቀድሞ መጣ። በየተራራው የሚነደው ደን ሰማዩን የሩዝ እጣቢ አስመሰለው። ከቺያንግ ማይ ከተማ ራስጌ ቆሞ የኖረው የሱቴፕ ተራራ አንድ ጠዋት ከቦታው ታጣ። ተራራን የሚያህል ነገር እንዲህ ድምፅ ሳያሰማ ሊጠፋ መቻሉ፣ ሰዉም ይህን እያየ ቁርሱን መብላቱ! ፈረንጆቹ ጢሱን ሸሽተው ወደ ደቡብ ወደ ባሕሩ ወረዱ። ምግብ ማብሰል በሚያስተምሩት ቤቶች ሙቀጫው ዝም አለ። ዝሆን ሊያዩ የሚሄዱትን የሚጭኑት መኪኖች በራቸውን ከፍተው፣ ሹፌሮቻቸው ከኋላ ወንበር ላይ ተኝተው ዋሉ።

ሲሉን ግን በልቧ ጢሱን አመሰገነችው። ተማሪ ከሌለ፣ በዚህ ዓመት ሳህኑን ታወርዳለች።

ሳህኑ የአባቷ ነው፤ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ እግር ያለው የእንጨት ሳህን። በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ከሰው ራስ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ በላዩ ነጭ ጨርቅ፣ ሻማ፣ አንድ እፍኝ ሩዝና አበባ አለ። በዚያ አገር ወጌሻውም፣ ከበሮ መቺውም፣ ብረት ቀጥቃጩም እንዲህ ያለ ሳህን አለው፤ ያስተማሩትና የሞቱት ሁሉ እዚያ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ተማሪ የሚሆን ሰው አበባውን ሳህኑ ላይ ያኖራል። ካኖረ በኋላ የመምህሩ ሸክም ነው። መምህሩ ሥራውን በገዛ አካሉ አይቶ «በቅተሃል» ብሎ ነጭ ክር በእጁ አንጓ ላይ እስኪያስርለት ድረስ ከሳህኑ ሥር አይወጣም። ሳህን የሚታደሰውም፣ መምህሩ ማስተማሩን ሲተው የሚወርደውም በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በአዲሱ ዓመት በዓል ሦስተኛ ቀን፣ መምህራን በሚከበሩበት ዕለት። በዚያ ቀን ከሥሩ አንድ ተማሪ እንኳ ከቀረ አይወርድም፤ እስከ ከርሞ ያው ነው።

ይህን ሁሉ የሚመሩት አባባ ሙን ናቸው፤ በወጣትነታቸው መነኩሴ የነበሩ፣ አሁን በሰፈሩ ቤተ መቅደስ ጥላ ሥር ተቀምጠው በቅጠል የተጠቀለለ ትምባሆ የሚያጨሱ ሽማግሌ። ሲሉን ሄዳ ከፊታቸው ተንበረከከች።

«አባባ፣ ደክሞኛል።»

«ማን ያልደከመው አለ? እኔን ተመልከቺኝ። ጥርሶቼ እንኳ ደክሟቸው ሄደዋል።»

«የምሬን ነው።»

«እኔስ ጥርሴን ያጣሁት በቀልድ ነው?» አሉ። ጣቶቿን ሲያዩ ግን ሳቃቸውን ዋጡት። «ከሥሩ የቀረ ሰው አለ?»

«የለም። የመጨረሻዎቹን ክር አስሬ ሸኘኋቸው።»

«እንግዲያው በበዓሉ እመጣለሁ። እስከዚያ ማንም አበባ እንዳያኖርብሽ።»

ከዚያ ወደ ቤቷ ስትመለስ ሲሉን ዓመታቷን እያሰበች ሄደች። አባቷ በሳንካምፔንግ መንገድ ባለች መንደር ወጌሻ ነበር። እሷ መራመድ የለመደችው በመሬት ላይ ብቻ አይደለም፤ ከእርሻ በተመለሱ ሰዎች ጀርባ ላይም ነው። አባቷ እጇን ይዞ ያወጣትና «እዚህ ርገጪ፣ እዚህ ደግሞ አትርገጪ» ይላት ነበር። አንድ ዝናባማ ወቅት ተራራ ሲወጣ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ፈረንጅ ወጣት በበሬ ጋሪ መጣላቸው። አባቷ ወለምታውን አሽቶ መለሰለት። ወጣቱ በማግሥቱ እያነከሰ ተመልሶ «አስተምሩኝ» ሲል አባቷ እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ ልጁ ጓደኞቹን ላከ፤ ጓደኞቹም ጓደኞቻቸውን። አባቷ ሲሞት ሲሉን ሳህኑን ተሸክማ ከተማ ገባች፤ ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ የእንጨት ቤት ይዛ ማሸት ማስተማር ጀመረች።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አዲስ እግር ነው። የጫማ ማሰሪያ ቀይ የመስቀል ምልክት ያተመበት፣ ትንኝ የነደፈው፣ ጥፍሩ ሰማያዊ የተቀባ፣ እናቱ ከሞተች ወዲህ ማንም ነክቶት የማያውቅ። «የዓለምን ሕዝብ በእግሩ ነው የማውቀው» ትላለች። ስማቸውን አታስታውስም። እንዲያው የሚገርመው፣ ሰው ከባሕር ማዶ ተነሥቶ እንዴት ሌላውን ሰው እንደሚነካ ለመማር መምጣቱ ነው፤ ሳምንት ተቀምጦ፣ ሰርተፊኬቱን ጠቅልሎ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ጥብስ ሊማር መሄዱ። ሲሉንን ያደከማት ሥራው ብቻ አልነበረም። በየሳምንቱ ከአንድ ላይ መጀመሩ ነበር።

በገበያ በኩል አልፋ፣ በአንድ እጇ በቅጠል የተጠቀለለ አረንጓዴ የቃሪያ ዳጣ፣ በሌላ እጇ የተጠበሰ የአሳማ ቆዳ ይዛ ገባች። ጫማዋን ሳታወልቅ ቀና ብላ ሳህኑን አየች። በሳህኑ ላይ፣ ውሃው ያልደረቀ፣ ቢጫ አበባ ተቀምጧል።

ከሳህኑ ሥር አንዲት ግዙፍ ፈረንጅ ሴት ለመንበርከክ ትታገላለች፤ አንደኛው ጉልበቷ አልታጠፍ ብሏት በጎን ተጋድማለች። ከጎኗ ዊፓ ቆማለች። ዊፓ የሲሉን የሟች እህቷ ልጅ ናት፤ ያሳደገቻትም ሲሉን ናት። የትምህርት ቤቱ ስልክና ምላስ የዊፓ ነው።

«ዊፓ። ያ ምንድን ነው?»

«አበባ ነው አክስቴ።»

«አበባ መሆኑን የሚያይ ዓይን አለኝ። የማን አበባ ነው?»

ዊፓ ወደ ሴትዮዋ በከንፈሯ ጠቆመች። «በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። ውሃ ሰጠኋት፣ አላቆመችም። ሙዝ ሰጠኋት፣ እየበላች አለቀሰች።»

«ስለዚህ የአባቴን ሳህን ሰጠሻት።»

«አንድ ሰው ናት እኮ! ትልቅ ብትሆንም አንድ ናት።» ከዚያ የአክስቷን ፊት አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ላንሣው?»

«እጅሽ እንዲደርቅ ነው የፈለግሽው? ተዪው!»

የተቀመጠ አበባ ሳህኑ እስኪታደስ ድረስ አይነሣም። እዚያ አገር ይህን የማያውቅ የለም፤ ዊፓም ታውቃለች። ያወቀችው ግን እጇ ከሳህኑ ከወረደ በኋላ ነበር። ሲሉን ዳጣዋን መሬት ላይ አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች። የበዓሉን ቀን አሰበች። ሳምንት አለ። ይህቺን አንዲት ሴት አስተምራ ክሯን ካሰረች ሳህኑ ይወርዳል።

«እሺ» አለች። «ስሟ ማን ነው?»

ስሟ ሂልደ ነው፤ ከቤልጂየም የመጣች ዳቦ ጋጋሪ ናት። ያስለቀሳትን ነገር ዊፓ ቀስ በቀስ ተረጎመችው። ባሏ ጣራ ሲጠግን ወድቋል። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገዋል፤ አሁን ይሄዳል፣ ይቀመጣል፣ ጀርባው ግን እንቅልፍ አይሰጠውም። አሁን እህቱ እያስታመመችው ነው። ሂልደ የመጣችው አገር ልትጎበኝ ሳይሆን እጇን ልታስተምር ነው፤ የሄደችባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ግን በጢሱና በበዓሉ ዘግተዋል።

«በበዓሉ ሁለተኛ ቀን ማታ ትበራለች» አለች ዊፓ።

ሲሉን የሂልደን እጅ ተቀብላ ገለበጠችው። ሰፊ፣ ለስላሳ፣ በእሳት ጠባሳ የተዥጎረጎረ እጅ ነው። ጉልበቱ አስደነገጣት።

ትምህርቱ ተጀመረ። የሚታሸው አካል ዊፓ ሆነች፤ ቅጣቷም መሰለ። ሲሉን የምትሠራው ሰውነትን በጣት በመፈተግ አይደለም። ክንድ ይቃናል፣ ትከሻ ይለቀቃል፣ የራስ ክብደት እንደ ተጫነ ጀልባ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ከዚያ ትንፋሽ፣ ከዚያ መመለስ። ሂልደ ግን ዕድሜዋን በሙሉ ያቦካች ሴት ናት። እጇ ሥጋ ሲያገኝ ሌላ ነገር አያውቅም፤ ይጨብጣል፣ ይገለብጣል፣ ይደልቃል።

«አክስቴ!» ዊፓ ከፍራሹ ጮኸች። «ለምጣድ እያዘጋጀችኝ ነው!»

«ሰው ሊጥ አይደለም በያት።»

«ብያታለሁ። ሊጥም ቢሆን እንዲህ አይንገላታም ልበላት?»

«ቀስ» ትላለች ሲሉን፣ በምታውቃቸው ጥቂት የባዕድ ቃላት። «ቀስ። ትንፋሽ። አትግፊ። ተደገፊ።»

«ተደገፊ» ትላለች ሂልደ ከንፈሯን ነክሳ፣ ላቧ እየተንጠባጠበ። ለአፍታ ትደገፋለች። ከዚያ እጆቿ አገራቸው ይመለሳሉ።

ሲሉን እንዲህ ያሉ ተማሪዎች አይታለች። ያልለመደችው ግን የሂልደን አለመሰልቸት ነበር። ሌሎቹ ከምሳ በኋላ ስልካቸውን ያያሉ። ይህቺ ሩዟን እንኳ እያኘከች የገዛ ጭኗን ትጫናለች፣ ትቆጥራለች፣ ትሳሳታለች። አንድ ቀን ሲሉን የእግር መስመሮችን ስታሳያት አውራ ጣቷ ከዳትና ታጠፈባት፤ ሕመሙ እስከ ክርኗ ወጣ። ሂልደ ጣቷን በመዳፏ ውስጥ ሸፈነችው፤ ያዘችው፤ አላቦካችውም። ሲሉን ፊቷን አዞረች።

ፈተናው በበዓሉ የመጀመሪያ ቀን ዋለ። በአባቷ ቤት ሥርዓት ተፈታኙ የሚያሸው መምህሩን ራሱን ነው። መምህሩ ዓይኑን ጨፍኖ ይተኛል፤ ጆሮው፣ ቆዳው፣ አጥንቱ ግን ነቅቶ እያንዳንዱን መስመር ይከተላል። ሲሉን በዚያ ፍራሽ ላይ ስንት ጊዜ እንደ ተጋደመች አታውቅም። ተኝታ ግን አታውቅም።

ከውጭ ከተማው ሁሉ እንደ በዓሉ ልማድ ውሃ ይራጫል። ከተማውን ከከበበው ቦይ በባልዲ እየቀዳ የሚደፋው፣ በጭነት መኪና በርሜል ጭኖ የሚዞረው፣ የሚጮኸው፣ የሚስቀው። ሲሉን ተጋደመች። የጣራው ማራገቢያ ይዞራል። የሂልደ እጅ በግራ እግሯ ተረከዝ ላይ ዐረፈ፤ ከበደ፤ ተመለሰ። መልካም ጅምር፣ አለች ሲሉን በልቧ።

ከዚያ ወዲያ የምታስታውሰው ነገር የለም።

ስትነቃ አንሶላ ለብሳለች። ፀሐይዋ ከጢሱ ኋላ እንደ ብርቱካን ቀልታ ወደ ጣራዎቹ ወርዳለች። ደጃፉ ላይ ዊፓና ጎረቤቷ ኑድል ሻጭ፣ ሁለቱም ከራስ እስከ እግር ርሰው፣ ይሳሳቃሉ።

«ነቃች! ሜክሩ ነቃች!» አለች ኑድል ሻጯ። ሰፈሩ ሲሉንን «ሜክሩ» ነው የሚላት፤ እናትም መምህርትም ማለት ነው። «ስታንኮራፊ የእኔ ቤት ሳህኖች ተንቀጠቀጡ!»

«ሂልደ የት ሄደች?»

«ሸኘኋት» አለች ዊፓ ፊቷ እየበራ። «ሰርተፊኬቷን ሰጠኋት። ነገ ክሯን ታስሪላታለሽ፣ ከነገ ወዲያ ሳህኑ ይወርዳል፣ አበቃ! አክስቴ፣ እንዴት ያለች ናት! መምህሯን ያስተኛች ካላለፈች ማን ሊያልፍ ነው?»

«ያስተኛችኝ እሷ አይደለችም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«ድካሜ ነው» አለች ሲሉን አንሶላውን እየገፈፈች። ወሬው ግን እግር አውጥቶ ሰፈሩን ዞረ። «የሲሉን ተማሪ ሲሉንን አስተኛቻት!» ውሃ የሚራጩት ልጆች ሳይቀሩ ደጃፏ ላይ እያንኮራፉ አለፉ። ሁሉም ደስ አለው። እሷም ደስ ቢላት በወደደች።

ማድረግ ያለባት ቀላል ነበር። ክር አይናገርም። ሴትዮዋ ነገ ትሄዳለች፤ ሳህኑ ይወርዳል፤ ጣቶቿ ያርፋሉ። ጠዋት ጠዋት ከጣቶቿ ጋር ሳትከራከር ትነሣለች። ከዳቦ ጋጋሪዋ እጅ ያየችው ግን አንድ ተረከዝ ብቻ ነው። የቀረውን አላየችም። ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር በማታውቀው አገር፣ በማታውቀው አልጋ ላይ በደረቱ የተኛ አንድ ሰው ይታያታል፤ ጀርባውን ሰጥቷል፤ ጀርባውን የሰጠው ሚስቱ ተምራለች ብሎ ነው።

በማግሥቱ፣ በበዓሉ ሁለተኛ ቀን፣ ዊፓን አስነሣቻት። «ተነሺ። ፈተናው ይደገማል።»

ዊፓ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ በእጇ ከደነችው። ያ ቀን የብስባሽ ቀን ይባላል። በዚያ ቀን ክፉ ቃል የተናገረ፣ የተሳደበ፣ ሰውን ያስከፋ፣ ዓመቱን ሙሉ አፉ ይበሰብሳል። ባልና ሚስት የሚጣሉበትን ጉዳይ ለሌላ ቀን ያስተላልፋሉ፤ አበዳሪና ተበዳሪ መንገድ ሲገናኙ ስለ አየሩ ያወራሉ።

«አክስቴ» አለች ዊፓ በጣም ጣፋጭ በሆነ ድምፅ፣ «ልብሽ እንደ ወርቅ ነው፤ አእምሮሽ ግን ዛሬ ትንሽ ዕረፍት ቢያገኝ መልካም ነበር።»

«አንቺም አፍሽ እንደ ጽጌረዳ ነው። ጫማሽን አድርጊ።»

ቀይዋ የሕዝብ መኪና ቦዩን ተከትላ እስክታደርሳቸው ድረስ ሦስቴ በበረዶ ውሃ ተጠመቁ። ሂልደ ባረፈችበት የእንግዳ ማረፊያ በረንዳ ላይ ሻንጣዋን አስራ ተቀምጣለች። ሲሉንን ስታይ ተነሥታ እጇን ዘረጋች፤ አንጓዋን ወደ ላይ አድርጋ፣ ለክሩ።

ሲሉን ክሩን ከቦርሳዋ አላወጣችም። የበረንዳውን ምንጣፍ አነጠፈችና እንደ ረጠበች ተጋደመች።

«ድገሚ በያት። ትናንት እኔ ነበርኩ ያጠፋሁት።»

በዚህ ጊዜ አልተኛችም። የሂልደ እጅ ከተረከዝ ተነሣ፣ ባት ወጣ፣ ጉልበትን ዘለለ፣ ጭን ደረሰ። ክንዷ የተቃና ነው። ትንፋሿ ከእጇ ጋር ይሄዳል። ሲሉን በመገረም አንድ ዓይኗን ከፈተች። ይህን እግር የነካው የተማረ እጅ ነው! በሌላኛውም እግር እንዲሁ። በልቧ ክሩን ማሰር ጀመረች።

ከዚያ ገልብጣ አስተኛቻት፤ ጀርባ ላይ ደረሱ። የዳቦ ጋጋሪዋ እጅ ሰፊ ሜዳ አየና አገሩን አሰበ። ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ያሉትን መስመሮች ትቶ አከርካሪው ላይ ራሱ ወጣ፤ ጨበጠ፤ ያን የሚያህል ክብደቷን ይዞ ወረደ። ሲሉን ጥርሷን ነክሳ ቻለች። አንዴ ይሆናል ብላ ነበር። ሁለተኛው የባሰ ሆነ።

«ይበቃል» አለችና ተነሥታ ተቀመጠች።

ሂልደ ጠበቀች። ዊፓም ጠበቀች፤ ከዚያ ወደ አክስቷ ጎንበስ ብላ «ቀኑን አትርሺ» አለች። «መልካም ነገር ፈልጊ።»

«እየፈለግኩ ነው።»

«እሺ?»

«እግር ላይ እጇ የአባቴን እጅ ይመስላል። ንገሪያት።»

ዊፓ ነገረቻት። የሂልደ ፊት እንደ ዳቦ አበጠ፣ ቀላ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀች።

«ጀርባስ? ትላለች።»

ሲሉን አፏን ከፈተች፤ የሚወጣው ቃል ሁሉ ብስባሽ ሆነባት። «ስለ ጀርባ መልካም ነገር የለኝም» አለች ለዊፓ በሹክሹክታ። «ምን ልበል?»

«ሰፊ ጀርባ አለሽ ልበላት?»

ሲሉን የሂልደን እጅ ይዛ ወደ ገዛ ጀርባዋ ወሰደችው። መዳፏን አከርካሪዋ ላይ አሳረፈችና ራሷን ነቀነቀች፤ አይሆንም። ወደ ጎን ወሰደችው፤ እዚህ። መልሳ ወደ አጥንቱ፤ አይሆንም። ደጋግማ አደረገችው። ሂልደ ሞከረች፤ እጇ ተንሸራቶ መሀል ገባ። እንደገና ሞከረች፤ ገባ። በመጨረሻ እጇን ራሷ አነሣችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ እንደ ባዕድ እጅ አየችው። ገብቷታል።

«የባልሽ ጀርባ ይጠብቅሻል በያት» አለች ሲሉን ቀስ ብላ። «እግሩን እሺው። በየማታው እግሩን እሺው፤ እንቅልፍ በእግርም ይመጣል። ጀርባውን ግን እስክትመለሺ ድረስ አትንኪው። ቃል ግቢልኝ በያት።»

ሂልደ ቃል ገባች። ከዚያ በዊፓ በኩል «በብርዱ ወራት እመለሳለሁ። በአውሮፕላን ያን ያህል ሰዓት መቀመጥ ከቻለ እሱንም ይዤው እመጣለሁ» አለች። አንጓዋን አየችው፤ ባዶ ነው። ወደ ሲሉን ቀና አለች። 

ክሩ በቦርሳው ውስጥ ነበር። የአፍታ ሥራ ነው፤ ያንን ለማሰር የሲሉን ጣቶች እንኳ ይችላሉ። እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደች፤ እዚያው አቆየችው። ከዚያ መልሳ አወጣችው፣ ባዶውን፣ የሂልደንም ጉንጭ ነካች።

በመመለሻቸው መኪና ውስጥ ዊፓ የረጠበ ቀሚሷን ጫፍ ጨመቀች።  «አበባውን ባላኖርኩላት ኖሮ...» ብላ ጀመረች።

«ዛሬ ክፉ ቃል አይነገርም» አለች ሲሉን ዓይኗን ጨፍና። «ስለ ራስሽም ቢሆን።»

በሦስተኛው ቀን አባባ ሙን ነጭ ለብሰው፣ አንድ ጆሯቸው ውስጥ ውሃ ገብቶባቸው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ መጡ። መንገድ ላይ ልጆች ሽማግሌ ብለው አልማሯቸውም። ከሳህኑ ሥር ተቀመጡ፣ ሻማ አበሩ፣ የሞቱትን መምህራን አንድ በአንድ ጠሩ፤ የሲሉን አባት ስም ሲጠራ ሲሉን ግንባሯን ከወለሉ አገናኘች። ከዚያ ሽማግሌው ሥርዓቱ የሚጠይቀውን ጠየቁ።

«ይታደስ ወይስ ይውረድ?»

ሲሉን አቀረቀረች። ጣቶቿ ጭኗ ላይ ተኝተዋል። አንድ ዓመት። ሌላ አንድ ዓመት።

«ከሥሩ ሰው አለ» አለች።

«የለም ብለሽኝ ነበር።»

«አሁን አለ። አንዲት ዳቦ ጋጋሪ።»

«አላለፈችም?»

«እግር አልፋለች። ጀርባ ቀርቷታል።»

አባባ ሙን ጆሯቸውን በጣታቸው አንኳኩ። «አስተኝታሽ የለ እንዴ? ሰፈሩ ሁሉ ሲያወራ ነው የሰነበተው። ክሩን ብታስሪላት ማን ያውቅብሽ ነበር?»

«የባሏ ጀርባ።»

ሽማግሌው አዩዋት።  አሮጌውን ነጭ ጨርቅ ከሳህኑ አንሥተው አጠፉት፤ አዲሱን አነጠፉ፤ ሩዙን ለወጡ። የሂልደን የጠወለገ ቢጫ አበባ አንሥተው በእጃቸው ያዙት፣ ወዴት እንደሚያደርጉት ወደ ሲሉን ዞሩ።

«እዚያው» አለች።

እዚያው አኖሩት።

ዊፓ ከበሩ ጎን ሆና ሁሉንም ሰማች። ሽማግሌው ሲወጡ ተጠግታ ተቀመጠች። «እንግዲህ ሳህኑ ከታደሰ...» አለች፣ ጥፍሯን እያየች፣ «ጢሱ ሲለቅ ሰው መጠየቁ አይቀርም...»

«አንድ ተማሪ አለኝ።»

«አውቃለሁ። ግን ሳህኑ ወጥቶ እስካለ ድረስ፣ አንድም ሆነ ሁለት...»

«አንድ።»

«አንድ ተኩል? አጠር ያለች ሴት ብትመጣ?»

«ዊፓ!» አለች ሲሉን፤ ሳቋ ግን ቀድሟት ወጣ፤ ሳቁም አደከማት። «የቀረውን ዓመት ወጥ ቤት ትሠሪያለሽ፤ ፈረንጆቹን ምግብ አስተምሪያቸው። በሙቀጫሽ ላይ አበባ የሚያኖር የለም።»

ዊፓ ተነሥታ የግራር ፍሬ የተነከረበትን ውሃ በጎድጓዳ ሳህን አመጣች። በዚያ ቀን ታናሽ በታላቁ እጅ ላይ ውሃ አፍስሶ ያለፈውን ዓመት ጥፋት ይቅርታ ይጠይቃል። ተንበርክካ የአክስቷን መዳፎች አቀናች።

«ይቅር በዪኝ አክስቴ።»

«ስለ የትኛው?»

«ስለ ሁሉም።»

«ሁሉም ብዙ ነው» አለች ሲሉን እጇን እየዘረጋች። «ውሃው አይበቃም፤ ሂጂ ጨምሪ።»